ደለስን የሠራው ሰው

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስተን ዋሽንግተን አካባቢ ከገባነው ብዙዎቻችን አሜሪካን ያየነው በአንድ በር ነው፤ በደለስ ኤርፖርት። እኔም የገባሁት በዚያው ነው። ያን ቀን ግን ሕንፃውን አላየሁትም። ዓይኔ ሻንጣዬ ላይ ነበር። ልቤ መኮንኑ ምን ይጠይቀኝ ይሆን እያለ ይደልቃል።

ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ታክሲ እነዳ ነበር። ብርድ ነው፣ ሌሊት ነው፣ በረራው ዘግይቶ ሰው የለም። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩና ቀና አልኩ። ግዙፎቹ የኮንክሪት ምሰሶዎች ቀጥ ብለው አልቆሙም። ወደ ውጭ ዘንበል ብለዋል። ጣሪያው በመካከላቸው ጎድጎድ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ በሁለት ዛፍ መሀል ገመድ ላይ እንደተሰጣ ጋቢ። የውስጡ መብራት በመስታወቱ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። አገር ቤት ድራፍቲንግ ተምሬአለሁና ዓይኔ መስመር ያያል። እንዲህ ያለ መስመር ግን አይቼ አላውቅም። ይህን ማን ሣለው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እስካሁንም አላቆምኩም።

ስሙ ኤሮ ሳሪነን ነው። በ1910 ፊንላንድ ተወለደ (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1923፣ ገና 13 ዓመት ሳይሞላው፣ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። ፓሪስ ሄዶ ቅርጻ ቅርጽ ተማረ። ከዚያ የል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1934 በአርክቴክቸር ተመረቀ። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1940 ነው። ደለስን፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለውን ትልቁን የብረት ቅስትና ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ኒውዮርክ የነበረውን ተርሚናል የነደፈው እሱ ነው። ሦስቱም አልቀው አላያቸውም። መስከረም 1 ቀን 1961 የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ላይ እያለ ሞተ። 51 ዓመቱ ነበር። ደለስን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲመርቁት ኅዳር 17 ቀን 1962 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው።

እኔ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ አርክቴክቶች የሚበልጥብኝ የለም። በየሳምንቱ ሥሩ የምናልፍ ሰዎች ስሙን እንኳ አለማወቃችን ይቆጨኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

(መልሶቹ ስለበዙ ዘግይተው ለሚገቡ ሰዎች በራሴ ቃል አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ። የማንንም ሐሳብ እንዳላጣመምኩ ተስፋ አደርጋለሁ።)

1ኛ መልስ። ከሜሪላንድ የጻፈች እህት ናት። አመሰገነችኝና ከአውሮፕላን ወርዳ የገባችበትን ያን ከፍ ብሎ የሚሄድ ሰፊ መኪና አስታወሰች። የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ቆማ ስትሄድ ቤት ከነሰው የሚንቀሳቀስ መስሏት ደንግጣለች። አውቶቡስ ነው እንዳትል አዳራሽ ያክላል። ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ካለ እንዲነግራት ጠየቀች።

2ኛ መልስ። አንድ ወንድም ዳላስ ቴክሳስ ውስጥ እንደሚኖርና እዚያ ኤርፖርት እንዲህ ያለ ጣሪያ እንደሌለ በእርግጠኝነት ጻፈ።

3ኛ መልስ። በትሕትና አረመው። የእኛ ሰው ሁለቱንም ዳላስ እያለ ስለሚጠራቸው ነገሩ እንደሚምታታ፣ የቨርጂኒያው ግን ደለስ እንደሆነ አስረዳው። ስሙ የጆን ፎስተር ደለስ ነው፤ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት። 2ኛው ወንድም ይቅርታ ጠይቆ አለፈ።

4ኛ መልስ። ኤርፖርቱ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ለ1ኛዋ እህት መልስ ሰጠ። ሳሪነን ሥራውን ሲጀምር ባልደረቦቹ በየኤርፖርቱ እየዞሩ ሰው ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ቆጥረዋል። ያኔ ጄት አዲስ ነው። አውሮፕላኑ ሲተልቅ መንገደኛ የሚራመደው ኮሪደር አብሮ እየረዘመ ነበር። ሳሪነን ነገሩን ገለበጠው። ሰው ወደ አውሮፕላኑ ከሚሄድ አዳራሹ ራሱ ሰውን ይዞ ይሂድ አለ። አንዱ መኪና 100 ያህል ሰው ይይዛል። መንገደኛው ትኬቱን አሳይቶ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ይገባል፤ መኪናው ሜዳውን አቋርጦ አውሮፕላኑ በር ላይ ያደርሰዋል። ሐሳቡን ባለሥልጣኖቹ እንዲቀበሉት ዲዛይነር ጓደኛው ቻርልስ ኢምስ አጭር ፊልም ሠርቶለታል። በኋላ ግን አውሮፕላን የሚለውጥ መንገደኛ በዛ፤ አሠራሩም አልበቃ አለ። ሜዳው ላይ ተጨማሪ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ2010 ደግሞ ከመሬት በታች ባቡር ገባ። ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ግን ዛሬም በእነዚያ መኪናዎች ይጫናል። ለዚህ ነው እኛ የምናውቃቸው።

ይህን መልስ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ተሳፍሬበታለሁ። የአንድ ሰው ሐሳብ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ግን አላወቅሁም ነበር።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። ጸሐፊው አርክቴክት ነው፣ እንደሚመስለኝ አንጋፋ ነው። እንደ ፍራንክ ሎይድ ራይትና ሉዊስ ካን ያሉ አርክቴክቶች ባሉበት አገር ሳሪነንን አንደኛ ማድረግ አለማወቅ እንደሆነ ፊት ለፊት ነገረኝ። ሳሪነን የራሱ መልክ የለውም ባይ ነው። ለጄኔራል ሞተርስ ሚሺጋን ውስጥ የሠራው የምርምር ማዕከል ቀጥ ቀጥ ያለ የመስታወትና የብረት ሣጥን ነው። ቲደብሊውኤ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጸሎት ቤት ደግሞ መስኮት የሌለው ክብ የጡብ ግንብ ነው። የአንድ ሰው እጅ አይመስልም። የየሉ የጥበብ ታሪክ መምህር ቪንሰንት ስከሊም በዘመኑ ክፉኛ እንደነቀፈው አስታወሰኝ። ሲጨርስ የታክሲ ሹፌር በሙያው ቢወሰን እንደሚሻል ጨመረ። ይቺ ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ አልነበረችም።

6ኛ መልስ። አዲስ አበባ ያለች የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ከእኔ በላይ ተቆጣችልኝ። እሷ እንደምትለው 5ኛው ጉድለት ያሉት ነገር የሰውዬው ትልቁ ነገር ነው። ሳሪነን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሥራው ምን ይፈልጋል ብሎ ነው፤ መልኩ ከዚያ ይመጣል። የጸሎት ቤቱን ምሳሌ አድርጋ በደንብ አስረዳች። ክቡ ግንብ ከግርጌው በቅስቶች ውኃ ላይ ቆሟል። ብርሃን በግድግዳው ዝቅተኛ ክፍል በኩል ከውኃው ላይ እየተንጸባረቀ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ብርሃን ከላይ በአንድ ክብ ቀዳዳ መሠዊያው ላይ ይወርዳል። ዓይን ሌላ የሚሄድበት የለውም። ለመኪና መሐንዲሶች የሚሆን ቤትና ለሚጸልይ ሰው የሚሆን ቤት ለምን ይመሳሰላል ብላ ጠየቀች። ከዚያ የሲድኒ ኦፔራ ሀውስ ታሪክን አመጣች። ሳሪነን የንድፍ ውድድሩ ዳኛ ሆኖ ሄዶ የዴንማርካዊውን አርክቴክት የዮርን ኡትሶንን ንድፍ ከተጣሉት መሀል አንስቶ አሸናፊ አድርጎታል አለች።

7ኛ መልስ። አጭር እርማት ነው። ሳሪነን ከዳኞቹ አንዱ እንደነበረ፣ ዘግይቶ እንደደረሰና ለኡትሶን ንድፍ አጥብቆ እንደተከራከረ የታወቀ ነው። ከተጣሉት መሀል አነሳው የሚለው ግን አከራካሪ ነው። 6ኛዋ እርማቱን ተቀበለች።

8ኛ መልስ። ለእኔ የክሩ (የዚህ ውይይት) ምርጥ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። የደለስ ምሰሶዎች ለምን እንዳጋደሉ በልጅነታችን ጨዋታ አስረዳን። ገመድ ጉተታ ስንጫወት ቀጥ ብሎ የሚቆም ልጅ የለም። ሁሉም ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ ያለዚያ ገመዱ ይዞት ይሄዳል። ምሰሶዎቹም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጣሪያው ውስጥ የብረት ገመዶች ከዚህኛው ረድፍ ወደዚያኛው ተወጥረዋል። ኮንክሪቱ የተዘረጋው በእነሱ ላይ ነው። ከመንገዱ በኩል ያሉት ምሰሶዎች 20 ሜትር ያህል፣ ከሜዳው በኩል ያሉት 12 ሜትር ያህል ናቸው። በመካከላቸው አንድም ምሰሶ የለም።

ቀጥሎ የአንገት ሀብላችንን እንድናወልቅ ጠየቀን። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዘን ዝቅ ስናደርገው ሀብሉ ራሱ ቅርጹን ያወጣል። የደለስ ጣሪያ ወደዚያ ይቀርባል። ያንኑ ቅርጽ ብንገለብጠው የሴንት ሉዊስን ቅስት ይሰጠናል። ሀብሉ ሲንጠለጠል ሁሉም ቀለበት የሚጎተት ብቻ ነው። ሲገለበጥ ሁሉም የሚገፋ ብቻ ይሆናል። በእርግጥ ቅስቱ እግሩ ላይ ወፍራም፣ አናቱ ላይ ቀጭን ስለሆነ መስመሩ ተስተካክሏል። ቁመቱና የሁለት እግሩ ርቀት እኩል ነው፤ 192 ሜትር። ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ተሠርተው ሰማይ ላይ መገናኘት ስለነበረባቸው ልኬቱ ፀሐይ ብረቱን ሳታሞቀው ሌሊት ሌሊት ይወሰድ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1965 የመጨረሻው ቁራጭ ሲገባ ፀሐይ የመታችውን እግር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ እየረጩ አቀዘቀዙት።

የባለቤቴን ሀብል ተውሼ ሞከርኩት። ሁለት እጄን ሳቀራርብ ይሰምጣል፣ ሳራርቅ ይለጠጣል። ልጄ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆይታ ነጠቀችኝ።

9ኛ መልስ። ሚሺጋን ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ቤታቸው ክራንብሩክ ከሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት አይርቅም። የኤሮ አባት ኤሊየል ሳሪነንም ትልቅ አርክቴክት ነበሩ። የሄልሲንኪን ባቡር ጣቢያ የነደፉት እሳቸው ናቸው። በ1922 ለቺካጎ ትሪቢዩን ሕንፃ ውድድር ሁለተኛ ወጡና በዓመቱ አሜሪካ መጡ። ክራንብሩክንም ነድፈው መሩት። እናትየው ሎያ ሸማኔ ነበሩ። አባትና ልጅ የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በነሐሴ 20 ነው። በአንድ ቢሮ አብረው ሠሩ። ልጁ በአባቱ ጥላ ሥር እስከ 40 ዓመቱ ገደማ ቆየ።

ለሴንት ሉዊሱ ውድድር ግን ለየብቻ ገቡ። አንድ ቀን ኤሊየል ሳሪነን ለመጨረሻው ዙር አልፈዋል የሚል ቴሌግራም መጣ። ቤተሰቡ ሻምፓኝ ከፈተ። ልጁም ለአባቱ ጽዋውን አነሳ። በኋላ ስልክ ተደወለ። ስሙ ተምታቶ ነው፤ ያለፈው ልጁ ነው። አባትየው ሁለተኛ ጠርሙስ አስከፈቱ። ኤሮ በ1948 አሸነፈ፤ አባቱ በ1950 ሞቱ። ጸሐፊዋ ይህን ታሪክ ለራሳቸው ልጅ ደጋግመው እንደነገሩት፣ እሱም በአባቱ ሙያ ለመግባት እያመነታ እንደሆነ ጻፉ። ብዙ ሰው ምክር ሊሰጣቸው ሞከረ፤ ያን ሁሉ እዚህ አልደግመውም።

10ኛ መልስ። ከሁሉ የጠነከረው ይህ ነው። ጸሐፊው ስለ ውበት ስናወራ ስለ መሬቱ ረሳን ብሎ ወቀሰን። ደለስ የተሠራው ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። ዊላርድ የምትባል፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነ መንደር ነበረች። መንግሥት መሬቱን ወሰደ፣ መንደሯ ጠፋች። ሴንት ሉዊስም እንደዚያው፤ ለቅስቱ ቦታ ተብሎ በወንዙ ዳር 40 ያህል የከተማ ብሎኮች ፈርሰዋል። ግንባታው ሲጀመርም ጥቁር ሠራተኞች ከሙያ ሥራው ተገልለው ነበር። ሐምሌ 14 ቀን 1964 ፐርሲ ግሪንና ሪቻርድ ዴሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያላለቀውን ቅስት አንድ እግር ወጥተው ለሰዓታት ተቃውሞ አሰሙ። እኛ ጥቁር ስደተኞች ይህን ሳናውቅ በጣሪያው መገረማችን አሳዛኝ እንደሆነ ጻፈ።

11ኛ መልስ። አንዱ ተናደደ። በሁሉም ነገር ፖለቲካ እየከተቱ ደስታ መግደል ልማድ ሆኗል ብሎ 10ኛውን ዘለፈው። 12ኛውም ደገፈው፤ ከ11ኛው የባሰ ቃል ስለተጠቀመ አስተባባሪው አጥፍቶታል።

13ኛ መልስ የእኔ ነው። 10ኛው ልክ ነው አልኩ። ስለ ዊላርድ የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ከዚያም ፈልጌ አነበብኩ። አርክቴክቱ መሬቱን አልመረጠም፣ ሠራተኛም አልቀጠረም። ግን መንደሯን ሳናነሳ ጣሪያውን ብናወድስ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ሰው ከቤቱ ሲነሳ ምን እንደሚሰማው የማያውቅ በእኛ መሀል ጥቂት ነው። ጣሪያውን ግን አሁንም እወደዋለሁ። ሁለቱን አብሬ መያዝ ይኖርብኛል።

14ኛ መልስ። ከአየር መንገዳችን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሁላችንም አንቱ ብለን ነው የመለስንላቸው። ቲደብሊውኤ የሚለውን ስም ሲያዩ ልባቸው እንደተነካ ጻፉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም የሥራ አመራሩን የያዘው ቲደብሊውኤ ነበር። የመጀመሪያው በረራ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችና አሠልጣኞች አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971 ነው፤ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ። ሳሪነን የዚያኑ ኩባንያ የኒውዮርክ ተርሚናል ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተረከበ። በ1962 ተከፈተ። ኩባንያው ሲያበቃ ሕንፃው በ2001 ተዘጋ፤ በ2019 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው በውስጡ አልፈዋል። ወለሉ ግድግዳ ይሆናል፣ ግድግዳው ጣሪያ ይሆናል፤ አንድም የሾለ ማዕዘን አላየሁም ብለዋል። ቀዩን ምንጣፍም አልረሱትም።

15ኛ መልስ። ከለንደን ነው። ግሮቭነር አደባባይ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲም የሳሪነን እንደሆነ አስታወቀን። በ1960 ነው የተከፈተው። እንግሊዞቹ ብዙም አልወደዱለትም። አናቱ ላይ ክንፉ 11 ሜትር ገደማ የሆነ ወርቃማ ንስር አለ። ጸሐፊው ለቪዛ በዝናብ ቆሞ ያንን ንስር ለሦስት ሰዓት ሲያየው ውሏል። ቪዛውን አላገኘም። ኤምባሲው በ2018 ወደ ሌላ ሠፈር ሄዷል።

16ኛ መልስ። ቤት የማስዋብ ሥራ ያላት እህት ናት። በየካፌው የምናየው ባለ አንድ እግር ነጭ ክብ ጠረጴዛና አብሮት ያለው ወንበር የሳሪነን ንድፍ ቅጂ እንደሆነ ነገረችን። ጠረጴዛ ሥር ያለው የእግር ጫካ ያናድደው ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለኖል ኩባንያ ያወጣው ይህንኑ ለማጽዳት ነው። ወንበሩ ከአንድ ነገር ብቻ ይሠራ ዘንድ ይመኝ ነበር፤ የጊዜው ፕላስቲክ ግን ሸክሙን አይችልም። ስለዚህ እግሩ አሉሚኒየም ሆኖ ነጭ ተቀባ። ይህ እንዳልተዋጠለት ጻፈች። እኔም ቤት ያለውን ቅጂ አንኳኩቼ አየሁ። እግሩ ብረት ነው፣ መቀመጫው ሌላ ድምፅ አለው።

17ኛ መልስ። 5ኛው ሰው ተመለሱ። ቃናቸው ለስልሷል። ስለ ሹፌር የጻፉትን ይቅርታ ጠየቁኝ። ይዘው የመጡት ግን ሌላ እርማት ነው፤ ትክክልም ነው። የክሩ ርእስ ደለስን የሠራው ሰው ይላል። አንድ ሰው ኤርፖርት አይሠራም። ሳሪነን ሲሞት አሥር ያህል ሥራዎች በእጁ ነበሩ። የጨረሷቸው ኬቨን ሮሽ፣ ጆን ዲንክሉና የቢሮው ሰዎች ናቸው። የደለስንና የቲደብሊውኤን የስትራክቸር ሥራ የሠራው አማንና ዊትኒ የተባለው ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ ተርሚናሉ በሁለቱም ጫፍ ተዘርግቶ ከእጥፍ በላይ ሲረዝም መስመሩን ሳይሰብሩ የቀጠሉት ደግሞ ሌሎች አርክቴክቶች ናቸው። ባለቤቱ አሊንም አትረሳ አሉኝ። የኒውዮርክ ታይምስ የጥበብ ሐያሲ ነበረች፤ በ1953 ስለ እሱ ልትጽፍ ሄዳ ነው የተዋወቁት። ከሞተ በኋላ ስሙ እንዳይጠፋ የደከመችው እሷ ናት።

ርእሱን ልለውጥ አሰብኩ። መልሶቹ በርእሱ ላይ ስለተመሠረቱ ግን ተውኩት።

18ኛ እስከ 22ኛ መልስ። ወሬው አዲስ አበባ ገባ። 6ኛዋ ተማሪ ሳሪነን በሞተበት ዓመት፣ በ1961፣ አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ እንደተመረቀ አነሳች። ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕሎች ጥቂት ተባለ። ከዚያ ስለ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ክርክር ተነሳ፤ እሱ የራሱ ክር ይገባዋል።

23ኛ መልስ። አዲስ አባል ናት። ስለ አርክቴክቸር ምንም አላለችም። እናቷ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ ትገባለች፣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የት ቆማ ትጠብቃት?

24ኛ መልስ። 4ኛው ሰው ነው። ከታችኛው ፎቅ በዓለም አቀፍ መግቢያው በር እንድትቆም ነገራት። እናቷ በዚያ ትልቅ መኪና እንደምትመጣና ሰው ሁሉ ቆሞ ቢሄድ እንኳ መቀመጫ እንደማይነፈጋት አጽናናት። 14ኛው አባት የሻንጣውን እጀታ ቀይ ጨርቅ እንድታስርላት ጨመሩ። እኔ በረራው ከዘገየ ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጥታ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ጣሪያው ያለው እዚያ ነው።

25ኛ መልስ። ትናንት ማታ ጻፈች። በረራው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነበር፤ ላይ ቆይታለች። እናቷ በሰላም ገብታለች። ሻንጣዎቹ ሁሉ ደርሰዋል፤ በርበሬውም አልተነካም።